ትምህርት ወደ ቤት ሲመጣ

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ትምህርት የሚገኘው በእግር ተሂዶ ነበረ። በጣራ ገዳም ግርጌ ወይም በፎገራ ሜዳ ተወልዶ ዕውቀት የተጠማ ወጣት ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከቤቱ ይወጣል። ድጓ ቢሻ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ቢሻ ወደ ዙር አባ፣ ቅኔ ቢሻ ወደ ጎጃም ይሄዳል። ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ክረምትም ወንዙ እስኪጎድል እየጠበቀ ዓመታት ያሳልፋል።

እኅቱስ? እርስዋም አእምሮ አላነሳትም፤ ነገር ግን ልጃገረድ ብቻዋን ካገር አገር ትዞር ዘንድ ማን ይፈቅድላት ነበር? ስለዚህ ከዕውቀት ያራቃት መንገዱ እንጂ የተፈጥሮ ጉድለት አይደለም። ለዚህም የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ምስክር ናቸው። እኒህ ሴት ዓይነ ስውር ሳሉ ቅኔን ከአባታቸው ዘንድ ተምረው፣ ኋላም ራሳቸው መምህር ሆነው ብዙ ደቀ መዛሙርት አወጡ። መምህሩ ከቤት ስለ ተገኘ ዕውቀቱም ተገኘ።

በሌላውም ዓለም ነገሩ እንዲሁ ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. ባሉበት ሆነው ያጠኑትን ለዲግሪ ሊፈትን ፈቀደ፤ በ1878 ዓ.ም. ደግሞ ይህን መብት ለሴቶች ሰጠ። የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በ1946 ዓ.ም. በፖስታ ማስተማር ጀመረ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማእከል ከፍቶ ለማስተርስና ለዶክትሬት ተማሪዎችን ተቀበለ። እንግዲህ በወረታ የምትኖር አንዲት መምህርት ሥራዋንና ልጆቿን ሳትተው ከፍተኛ ትምህርት የምትማርበት በር ተከፈተ።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ከቤት ቢመጣም ጊዜው አብሮት አይመጣም። ባል ሲያጠና «ልጆች፣ ዝም በሉ፤ አባታችሁ ያነባል» ይባላል። ሚስት ስታጠና ግን አንድ ገጽ ሳትጨርስ ሦስት ጊዜ ትጠራለች። ቀን ስታስተምር ውላ፣ ማታ እንጀራ ጋግራ፣ ልጅ አስተኝታ መጽሐፏን ስትገልጥ እንቅልፍ ይቀድማታል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በአፍ ቢተውም በሥራ ገና አልተተወም።

ወጣቶች ሆይ! ረጅሙን መንገድ ያለፈው ትውልድ አሳጥሮላችኋል። የቀረው ከማድ ቤት እስከ መጽሐፉ ያለው ጥቂት እርምጃ ነው። አንተ ወንድሜ፣ እኅትህ ወይም ሚስትህ መጽሐፍ ስትይዝ ውኃውን ቅዳ፣ ልጁን እቀፍ። አንቺም እኅቴ፣ የጥናት ሰዓትሽን እንደ ልመና ሳይሆን እንደ ድርሻሽ ጠይቂ።