ስሙ ያልተጻፈ አራሽ

ቅድመ አያቴ በሮብ ገበያ ዙሪያ አራሽ እንደነበሩ በቤታችን የማያውቅ የለም። በየትኛው ማሳ፣ በማን መሬት፣ ስንት ዘመን አረሱ ሲባል ግን ሁሉም ዝም ይላል። የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ መጽሔት ስለ አባቶቻችን እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ ፍለጋውን ጀመርኩ።

እንደሚታወቀው በጎጃም ዘር መቁጠር ለጨዋታ የሚጠና ነገር አልነበረም። ርስት የሚገኘው በአባትም ሆነ በእናት በኩል ከመሬቱ ዋና አባት መወለድን አስረድቶ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳትሟል። ባለርስቱ የዘር ሐረጉን ከረሳ በሙግት ይረታ ነበርና የአያቶቹን ስም እንደ ዳዊት ይደግመዋል።

ሙስሊሙ ከዚህ ቆጠራ ውጭ ነበር። በጠቅላላው ርስት ስላልነበረው ሸማኔ ወይም ነጋዴ ሆኖ ኖሯል፤ ያረሰም እንደሆነ በጢሰኝነት፣ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር እየተካፈለ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ሰላማዊ ሰልፍ በወጡ ጊዜ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ መሬት የመያዝ መብት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ጢሰኛ ወረቀቱ የት ይገኛል? በደቡብ ጠቅላይ ግዛቶች መሬቱ በቃላድ ስለተለካ መዝገብ አለ። የጎጃም ገበሬ ግን ልኬታን «ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው» ብሎ አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣው ዐመፅም ከዚሁ ስጋት ጋር የተያያዘ ነበር። የግብር ደረሰኝ ቢገኝ እንኳ በባለርስቱ ስም የተቆረጠ ነው። በሬ የጠመደው፣ ያጨደው፣ የወቃው ሰው ከወረቀቱ ላይ የለም።

አንድ በር ግን አለ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች አዋጅ የሙስሊሞችን ጋብቻ፣ ፍቺና ውርስ በቃዲ እንዲታይ ፈቅዷል። ውርስ ሲከፈል በሬውም ላሙም በስም ይቆጠራልና ውድ አንባቢያን፣ በሣጥናችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ ለአይጥ አትተዉት። የእኛን ቤት ወረቀት የጎጆ ቃጠሎ በልቶታል።

በመጨረሻ ያላሰብኩት ቦታ ሄድኩ፤ ቅድመ አያቴ ካረሱላቸው ባለርስት የልጅ ልጅ ዘንድ። ሽማግሌው ክርስቲያን ናቸው። የእሳቸው ቤት ለሙግት ሲል መሬቱን ማን እንደያዘው ብቻ ሳይሆን ማን እንዳረሰውም ሲቆጥር ኖሯል። «አንተ ልጅ፣ የአያትህን አባት ትጠይቀኛለህ? ከወንዙ በላይ ያለውን የገብስ ማሳ እሳቸው ናቸው ያቀኑት። እኛ እስከ ዛሬ የሸማኔው ማሳ ነው የምንለው» አሉኝ። ቀን እያረሱ ማታ ይሸምኑ እንደነበርም ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። የእኛን ታሪክ የጠበቀልን የጎረቤት ሙግት መሆኑ እስካሁን ያስገርመኛል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ ጢሰኝነትም ቀረ። ቅድመ አያቴ ይህን ቀን አላዩም። አያቴ ግን ከገበሬ ማኅበሩ አባላት አንዱ ሆነው ተመዘገቡ፤ ከቤተሰባችን በመሬት ጉዳይ ስሙ የተጻፈ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። በሬያቸው አንድ ብቻ ስለነበረ መቀናጆ የገቡት ከእነዚሁ ሽማግሌ ጋር ነበር።

የአማራ ክልል የመሬት ይዞታን መመዝገብ የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ለወላጆቼ በተሰጠው ደብተር የአባቴና የእናቴ ስም ጎን ለጎን ሠፍሯል። ማሳው ያው የሸማኔው ማሳ ነው። «በምሥራቅ አዋሳኝ» በሚለው መስመር ላይ ደግሞ የሽማግሌው ስም ተጽፏል።