ከበሩ ወዲህ፦ የማይሃማ ባቡር ጣቢያና የተደፈነው ባሕር

ግብዣ ቤት ደጃፍ ደርሶ ሳይገባ የሚመለስ ሰው ሞኝ ይባላል። ነገር ግን ዋናው ወሬ ከውስጥ ሳይሆን ከደጅ የሚገኝባቸው ቦታዎችም አሉ። ከእነዚህ አንዱ ቶኪዮ ዲዝኒላንድ ነው። ትኬት ቆርጦ የገባ ሰው የሚያየው ግንብ፣ አይጥና ልዕልት በካሊፎርኒያም ሆነ በፓሪስ አጠገብ ካሉት እምብዛም የማይለዩ ናቸው። በባቡር መጥቶ እስከ በሩ ደርሶ የሚመለስ መንገደኛ ግን፣ ዓይኑን ከገለጠ፣ ሌላ የትም የማይገኝ ታሪክ ይዞ ይገባል። እስቲ እኛም እንደዚያ መንገደኛ እንሁን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዞው የሚጀምረው ከቶኪዮ ዋና ጣቢያ ነው። የኬዮ መስመር ባቡር የሚነሣው ከሌሎቹ ሐዲዶች ርቆ ከመሬት በታች ጠልቆ ከተሠራ ስፍራ ስለሆነ፣ መንገደኛው ከመሳፈሩ በፊት ረጅም መተላለፊያ በእግሩ መጨረስ አለበት። ስፍራው መጀመሪያ የታሰበው ወደ ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ሊዘረጋ ለነበረ ፈጣን ባቡር ነበር፤ ያ እቅድ ውሃ ሲበላው ኬዮ ወረሰው። የኬዮ መስመር ራሱም በ1975 ሥራ ሲጀምር ጭነት ብቻ ያመላልስ ነበር። ዛሬ ጭነቱ ሕፃናትና ወላጆች ናቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ ባቡሩ ማይሃማ ይደርሳል፤ ሕዝቡም ግር ብሎ ይወርዳል።

ሁሉም ወደ በሩ ይተማል። ለማይገባው ሰውም ቢሆን ደጁ ባዶ አይደለም። በ2000 የተከፈተው ኢክስፒያሪ የሚባል የገበያ ስፍራ አለ። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ መስኮቶቹ በሚኪ ማውስ ራስ ቅርጽ የተሠሩ ሞኖሬይል በመናፈሻዎቹና በሆቴሎቹ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ የመሳፈሪያውን ከፍሎ አንድ ዙር መዞር ይቻላል። ከሆቴሎቹ ጀርባ፣ በባሕሩ መከላከያ ግንብ ላይ፣ ማንም በነጻ የሚራመድበት መንገድ ተዘርግቷል፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የፉጂ ተራራ ይታያል።

እዚህ ግንብ ላይ የቆመ መንገደኛ ፊቱን ወደ ባሕሩ ሲያዞር የሚያየው ውሃ ነው። ወደ ኋላው ዞሮ የሚያየውም ሁሉ፣ ሆቴሉም፣ ሐዲዱም፣ የልዕልቲቱ ግንብም፣ ትናንት ውሃ ነበር።

*

የአካባቢው ስም ኡራያሱ ይባላል። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ኡራያሱ በኤዶ ወንዝ አፍ የተቀመጠች የአሳ አጥማጆች ከተማ ነበረች። ማዕበሉ ሲሸሽ ብዙ ርቀት ድረስ የሚገለጥ አሸዋማ ዳርቻ ነበራት። ሕዝቡ ከዚያ ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳት እየለቀመ፣ ጃፓኖች ኖሪ የሚሉትንና ሩዝ የሚጠቀልሉበትን የባሕር ሣር እያመረተ ይኖር ነበር። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ቤካ የምትባል ጠፍጣፋ ጀልባ የእያንዳንዱ ቤት ንብረት እንደ ነበረች ይነገራል። ሹጎሮ ያማሞቶ የተባለው ደራሲ በወጣትነቱ እዚያ ኖሮ ስለ ነበር፣ በኋላ በጻፈው «አኦቤካ ሞኖጋታሪ» ላይ ይህችን ከተማ ስሟን ጥቂት ለወጥ አድርጎ ለጃፓን አንባቢ አስተዋውቋታል።

የኡራያሱን ዕጣ የወሰነው 1958 ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ነገሮች ሆኑ፤ አንደኛው ስለ ሌላው የሚያውቀው አልነበረም።

የመጀመሪያው የደረሰው በወንዙ ላይ ነው። በጸደይ ወራት ከኡራያሱ በላይ ወንዙ ዳር ያለ አንድ የወረቀት ፋብሪካ ጥቁር ፍሳሽ ለቀቀ። አሳውና ዛጎሉ አለቀ። ሰሚ ያጡት አሳ አጥማጆች በሰኔ በመቶዎች ሆነው ወደ ምክር ቤትና ወደ ቶኪዮ አስተዳደር አቤት ካሉ በኋላ ፋብሪካውን ጥሰው ገቡ። ከፖሊስ ጋር በተነሣው ግብግብ ከመቶ በላይ ሰዎች ቆሰሉ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ጃፓን ስለ ውሃ ንጽሕናና ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ ሁለት ሕጎች አወጣች። ሕጉ ወጣ፤ ባሕሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ሁለተኛው የሆነው በካሊፎርኒያ ነው። የኬሴ ባቡር ኩባንያ መሪ ቺሃሩ ካዋሳኪ ለኩባንያቸው የአትክልት ስፍራ ጽጌረዳ ሊገዙ አሜሪካ ሄደው ሳለ ዲዝኒላንድን ጎበኙና ልባቸው ተሰረቀ። የባቡር ኩባንያ ከጽጌረዳና ከጨዋታ ጋር ምን አገናኘው ያለ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገሩ የጃፓን የቆየ ልማድ ነው። ከኦሳካ ወደ ታካራዙካ የሚሄደውን ሐዲድ ያሠሩት ኢቺዞ ኮባያሺ በ1911 በመስመሩ ጫፍ ላይ ፍል ውሃ ከፈቱ፤ በ1914 ደግሞ እስከ ዛሬ ዝነኛ የሆነውን የልጃገረዶች የሙዚቃ ቴያትር ለመድረክ አበቁ። ዓላማው ቀላል ነበር፦ እሑድ ቀን ባዶውን የሚሄደውን ባቡር መሙላት። ኬሴም በበኩሉ ከ1925 ጀምሮ ያትሱ የሚባል መዝናኛ ነበረው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ዋልት ዲዝኒ በ1955 መናፈሻውን የከፈተው በአውራ ጎዳና አጠገብ፣ በመኪና ለሚመጣ ሕዝብ ነበር፤ ባቡሩ በግቢው ዙሪያ የሚሽከረከር መጫወቻ ነው። ለካዋሳኪ ግን ባቡር እንጀራቸው ነበር።

በ1960 ኬሴ ከሌሎች ጋር ሆኖ ኦሪየንታል ላንድ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። የኩባንያው ሐሳብ የኡራያሱን ባሕር ደፍኖ መሬት ማድረግ፣ በላዩም መኖሪያና ታላቅ መዝናኛ መሥራት ነበር። ለዚህ ግን የአሳ አጥማጆቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማሳቶሞ ታካሃሺ የተባሉ መጠጥ የሚችሉ ሰው ለዚሁ ሥራ ተመረጡ፤ ከአጥማጆቹ ጋር ሌሊት ሌሊት ሳኬ እየጠጡ አግባቧቸው ይባላል። እንደ ውሃ እያሳሳቀ ወሰዳቸው የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ያ ሕዝብ ከጥቂት ዓመታት በፊት ፋብሪካ የደፈረ ሕዝብ ነው፤ በስካር የሚታለል አልነበረም። ባሕሩ እየሞተ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነበር። በ1962 ከማጥመድ መብቱ ከፊሉን፣ በ1971 ደግሞ ሁሉንም በካሳ ለቀቀ። ኖሪ የሚያደርቁ እጆች ሌላ ሥራ ፈለጉ።

ከ1964 ጀምሮ ከባሕሩ ወለል በቧንቧ እየተሳበ የመጣ አሸዋ ዳርቻውን ሞላው። ሥራው ሲያልቅ የኡራያሱ ስፋት ወደ አራት እጥፍ አድጎ ነበር። በ1979 ከዲዝኒ ጋር ውል ተፈረመ፤ ሚያዝያ 15 ቀን 1983 መናፈሻው ተከፈተ። ባለቤቱ ጃፓናዊው ኩባንያ ነው፤ ዲዝኒ የስሙንና የሥራውን ዋጋ ይቀበላል። የኬሴ የራሱ መዝናኛ ያትሱ ከዚያ በፊት በ1982 ተዘጋ፤ የጽጌረዳው አትክልት ግን ለሕዝብ ተርፏል። ደግሞም የሚገርመው፣ ሕልሙን ያለመው የኬሴ ሐዲድ እስከ በሩ አይደርስም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንግዶች በምድር ውስጥ ባቡር ኡራያሱ ድረስ መጥተው ወደ አውቶቡስ ይዛወሩ ነበር፤ ማይሃማ ጣቢያ የተከፈተው በ1988 ነው፤ መስመሩም ቶኪዮ ጣቢያ የደረሰው በ1990 ነው።

*

ባሕር ግን የተሰጠውን አፈር ዝም ብሎ አይቀበልም። ማርች 11 ቀን 2011 ታላቁ የምድር መንቀጥቀጥ ሲደርስ በመናፈሻዎቹ ውስጥ 70 ሺህ ያህል ሰዎች ነበሩ። ባቡሮች ቆሙ፤ 20 ሺህ የሚሆኑት እዚያው አደሩ። በከተማዋ የተደፈነው መሬት ውሃ እንደ ጠጣ ሊጥ ሆነ፤ ከሥሩ ጭቃና አሸዋ ፈነዳ፤ ቤቶች ዘመሙ፤ የውሃና የፍሳሽ ቧንቧዎች ተቆራረጡ። መናፈሻዎቹ ሲሠሩ መሬታቸው አስቀድሞ እንዲጠብቅ ስለ ተደረገ እምብዛም አልተጎዱም። የመኪና ማቆሚያቸው ግን አልቀረለትም። ከውሃ ሳይሆን ከጥንት መሬት ላይ የተቀመጠው የድሮዎቹ አጥማጆች ሰፈርም በአመዛኙ ተርፏል። ያን ቀን በጽኑ የተጎዳው በሁለቱ መካከል፣ በአዲሱ መሬት ላይ፣ ቤት የሠራው ሕዝብ ነበር።

መንገደኛችን ከማይሃማ ወደ ድሮው ከተማ ቢሻገር የኡራያሱን የባህል ሙዚየም ያገኛል። መግቢያው በነጻ ነው። በግቢው ውስጥ የ1952ቷ ኡራያሱ እንደ ነበረች ተሠርታ ቆማለች፤ ጠባብ ቤቶቿ፣ ሱቆቿ፣ ውሃ ላይ የምትንሳፈፈው ቤካ ጀልባም አለች። ይህ ሙዚየም የተከፈተው በ2001 ነው። በዚያው ዓመት በመስከረም ዲዝኒ ሲ፣ «የዲዝኒ ባሕር» የተባለው ሁለተኛው መናፈሻ በሩን ከፈተ፤ እውነተኛው ባሕር በተደፈነበት መሬት ላይ ሰው ሠራሽ ባሕር ተቆፍሮ፣ ወደብና መርከብ ተሠርቶለት።

አንዲት ከተማ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ባሕር ከፈተች፤ አንዱን ለእንግዳ፣ ሌላውን ለራሷ ትዝታ። ልውውጡ ፍትሐዊ ነበር ወይ? በመናፈሻው ገቢና ሥራ የከበረችው ከተማ አዎን ልትል ትችላለች፤ በበሽተኛ ባሕር ላይ የሚኖረውም ሰው ካሳውን መቀበሉ አያስወቅሰውም። ባሕሩ ግን አልተጠየቀም። ማታ ባቡሩ ደክሟቸው ያንቀላፉ ሕፃናትን ጭኖ ወደ ቶኪዮ ሲመለስ፣ ካልገባው መንገደኛ ጋር አብረው ይጓዛሉ። እነርሱ ሲነቁ የሚያወሩት ስላዩት ባሕር ነው፤ እርሱም እንዲሁ።