የዓባይን ምንጭ ማን አገኘው?

የታሪክ መምህር ነኝ። ከዓመታት በፊት ስለ አውሮፓውያን አሳሾች ሳስተምር፣ «ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ አገኘ» ብዬ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ጠፍቶ ነበር እንዴ ቲቸር?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

በማግሥቱ ልጆቹን በአራት ቡድን መደብኋቸው። አንዱ ብሩስን፣ ሁለተኛው ከርሱ በፊት የመጣውን ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝን፣ ሦስተኛው ከብሩስ ጋር የተጓዙትን ሰዎች እንዲመረምሩ፤ አራተኛው ደግሞ መጽሐፍ ትቶ የጎጃም ሰው እንዲጠይቅ አደረግሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እያንዳንዱ ቡድን ያገኘውን ለሌሎቹ ያስተምራል፤ መምህሩ እኔ አይደለሁም ማለት ነው።

የመጣው ግን ትምህርት ሳይሆን ሙግት ነበር። ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ምንጩን አይቷል፤ ብሩስን በ152 ዓመት ቀድሞታል ማለት ነው። ብሩስም ይህን ሳያውቅ የቀረ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ የፓኤዝን ምስክርነት ለማስተባበል ብዙ ቀለም ጨርሷል። የብሩስ ቡድን ግን በቀላሉ እጅ አልሰጠም። «ብሩስ ለክቷል፤ ፓኤዝ አይቶ ነው የሄደው፤ ማየትና መለካት አንድ ነው እንዴ?» አሉ። መጽሐፈ ሄኖክን ወደ አውሮፓ የወሰደው እርሱ መሆኑንም አነሡለት። እውነት ለመናገር ክርክሩ ደካማ አልነበረም። ሆኖም ብሩስ ራሱ ግሽ ላይ ያስተናገደው የምንጩ ሹም ክፍለ ዓባይ እንደሚባል ጽፏል። ይህ ሲነበብ ያ የኋላ ወንበር ልጅ ጠረጴዛውን መታ።

የአራተኛው ቡድን አንዲት ልጅ የሰከላ ተወላጅ የሆኑ አያቷን ጠይቃ ነበር። እርሳቸው ብሩስንም ፓኤዝንም አያውቁም። የሚያውቁት አቡነ ዘርዐ ብሩክን ነው፤ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው፣ ከዘመናት በኋላ ውሃ ሳይነካቸው የተመለሱላቸውን ጻድቅ።

እኔን የነካኝ ግን ሦስተኛው ቡድን ነው። ከብሩስ ጋር ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰዓሊ ነበር። ግሽ ድረስ አብሮት ሄዷል፤ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1771 ጎንደር ውስጥ ነው። በብሩስ መጽሐፍ ግን ገና ወደ ግሽ ጉዞ ሳይጀመር ሞቷል። ልጆቹ ይህን በንዴት ነው ያነበቡት። ከወረቀታቸው ጋር ያማረ የጉዞ ካርታ ስለነበር ከዐሥር ዘጠኝ ሰጠኋቸው።

ደወል ከተደወለ በኋላ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ክፍል ውስጥ ቀረች። ወረቀቱ ላይ አምስት ስም አለ፤ እነርሱ ግን ስድስት ናቸው። ካርታውን የሳለችው እርሷ ነበረች። የቡድኑን አለቃ ጠርቼ ብጠይቀው «እሷ'ኮ የሳለችው ብቻ ነው» አለኝ። ልቆጣው አሰብሁና ተውሁት፤ ካርታውን ሳደንቅ ማን ሳለው ብዬ ያልጠየቅሁ እኔ ነኝ።

ወረቀቱን መለስሁላቸው። በማግሥቱ ስሟን ጨምረው አመጡት፤ ከሁሉ በታች፣ በሌላ ቀለም።