ተቆርጦ የተቀጠለ ድምፅ

ከአፍ የወጣ ድምፅ እንደ ነፋስ ያልፋል ሲባል ብዙ ዘመን ኖሯል። ዛሬ ግን በሻሸመኔ ከተማ ከኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠ ወጣት አንዲት የከበሮ ምት ቆርጦ፥ ስምንት ጊዜ ገልብጦና በተርታ ደርድሮ የዘፈን መሠረት ሲያደርጋት እናያለን። ይህ ጥበብ ትናንት የተወለደ ቢመስልም፥ ታሪኩን ለመረመረ ሰው ሥሩ ከአገራችን እምብዛም የራቀ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1944 ሐሊም ኤል-ዳብ የተባሉ ግብፃዊ በሽቦ ላይ ድምፅ በሚቀዳ መሣሪያ፥ በእኛም አገር ስሙ የታወቀውን የዛር ሥርዓት ካይሮ ላይ ቀዱ። የቀዱትንም እንዳለ አልተዉትም፤ ዋናውን ድምፅ ቀንሰው፥ ማስተጋባቱን አጉልተው አዲስ ድርሰት አደረጉት። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፌር የባቡር ድምፆችን አገጣጥመው ያሰሙት ከዚህ አራት ዓመት በኋላ ነው። ኤል-ዳብም ኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፥ እ.ኤ.አ. በ1963 ክራርን፥ ማሲንቆን፥ ዋሽንትንና በገናን ያስተባበረው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እንዲመሠረት አደረጉ።

ከሽቦ ቀጥሎ የመጣው የማግኔት ቴፕ በምላጭ እየተቆረጠ፥ በሚያጣብቅ ወረቀት ይቀጠል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጃማይካ ውስጥ ኪንግ ተቢ የተባሉት የድምፅ ባለሙያ ከተቀዳ ዘፈን ላይ የዘፋኙን ድምፅ እያነሡ፥ ከበሮውንና ቤዝ ጊታሩን እያስቀሩ ደብ የተባለውን የሬጌ ስልት አስፋፉ። እ.ኤ.አ. በ1948 ለጥቁር ሕዝቦች በተሰጠው የሻሸመኔ መሬት ላይ ብዙ የጃማይካ ተወላጆች ስለ ሰፈሩ፥ የሬጌ ዜማ ለከተማችን ጆሮ ባዕድ አይደለም።

የዛሬው መሣሪያ ከምላጩ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። ይኸውም በአብዛኞቹ የሙዚቃ ማቀነባበሪያ ፕሮግራሞች ቁራጩ መቶ ጊዜ ቢገለበጥ፥ ቢያጥር ወይም ቢዛወር፥ መጀመሪያ የተቀዳው ድምፅ በመዝገቡ ሳይነካ መቅረቱ ነው። የዚህን ጥቅም እኔ ዘግይቼ ተረዳሁ። የአያቴን እንጉርጉሮ የያዘ ካሴት ቤታችን ነበረ፤ በልጅነቴ የገበያ ዘፈን ቀዳሁበትና ድምፃቸው ጠፋ። እሳቸውም ካረፉ በኋላ የሚተካው አልተገኘም።

ስለዚህ ገልብጦ መደርደር ነውር አይደለም፤ ነውሩ ምንጩን ማጥፋትና ባለቤቱን መርሳት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውንም የከዋኙንም መብት ይጠብቃል። አዋጁ የማይደርስበትን ግን ኅሊና ሊጠብቀው ይገባል። እንግዲህ የሽማግሌ ቀረርቶ ወይም የእናት እሹሩሩ የምትቀዱ ተማሪዎች ሆይ፥ ከመቁረጣችሁ አስቀድሞ ዋናውን ለብቻው አኑሩ፤ የባለ ድምፁን ስም፥ ስፍራውንና ቀኑን ጻፉበት። ድምፁ በመሣሪያ ቢቀጠል እንኳ፥ የጠፋ ስም በመሣሪያ አይቀጠልምና።