ከማጀቴ መናወጥ እስከ አሸዋው ጠረጴዛ

ጓሳ ያረፈው የመንዝ ደጋ በስተምሥራቅ ወደ ስምጥ ሸለቆ ቁልቁል በሚወርድበት አፋፍ ላይ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ከአፋፉ ሥር ያለው የማጀቴና የካራቆሬ ቆላ የመሬት ቅርፊት እየተለጠጠ በሚሰነጠቅበት መስመር ላይ ይገኛል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ይህ መስመር በተከታታይ ተናወጠ። ዋናው መንቀጥቀጥ በመጠኑ ከ6 በላይ ነበር። ማጀቴ ከተማ ፈረሰች፣ በካራቆሬ ብዙ ቤቶች ወደቁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውም መንገድ ተጎዳ።

አደጋው የደረሰው አገሪቱ የራሷን መመዝገቢያ መሣሪያ ካገኘች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ ነበር። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ መጀመሪያ የተፈለገችው ለመግነጢስ ልኬት ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያው ሲስሞግራፍ ተከትሎ መጣ። ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የካራቆሬውን መናወጥም ይዟል።

ሲስሞግራፍ የሚሠራው በአንድ ቀላል መርሕ ነው። ከባድ ነገር በለስላሳ ሞላ ላይ ከተንጠለጠለ፣ መሬቱ ቶሎ ቶሎ ሲንቀጠቀጥ ከባዱ ነገር ባለበት ይቆያል። መሣሪያው የሚጽፈው በቆመው ክብደትና በሚንቀሳቀሰው መሬት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ በመላው ዓለም ባስተከለቻቸው ጣቢያዎች፣ የአዲስ አበባውን ጨምሮ፣ ጽሑፉ በቀለም አልነበረም። ከትንሽ መስተዋት የተንጸባረቀ የብርሃን ነጥብ በጨለማ ክፍል ውስጥ በሚሽከረከር የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ያርፍ ነበር። እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚቀመጠው ከቤቱ ወለል ተለይቶ ከሥር ከጠንካራ መሬት በተነሣ የኮንክሪት ምሰሶ ላይ ነው፤ አለበለዚያ የሰው እርምጃም ይመዘገባል። ከተማዋ ስትሰፋ የመኪናውና የግንባታው ንዝረት ስለበረታ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዘመናዊ ጣቢያ ከመሀል ከተማ ወጥቶ በፉሪ ተራራ ተተከለ።

ይኸው በሞላ ላይ የተቀመጠ ክብደት መርሕ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲያገለግል ሆሎግራም፣ ማለትም ጥልቀት ያለው የብርሃን ምስል፣ የሚሠራበት ጠረጴዛ ይሆናል። ሲስሞግራፍ መሬቱን ለማዳመጥ ክብደቱን ያቆማል፤ የሆሎግራም ሠሪ ደግሞ መሬቱን ለመርሳት ያቆመዋል።

የሆሎግራምን ሐሳብ ያፈለቀው ዴኒስ ጋቦር ነው። በእንግሊዝ አገር በራግቢ ከተማ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1947 የደረሰበት ይህ ግኝት በ1971 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ሐሳቡ እንደ ልብ የሠራው ግን ሌዘር በ1960 ከተፈለሰፈ በኋላ ነው። በሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ኤሜት ሌዝና ዩሪስ ኡፓትኒክስ፣ በሶቪየት ኅብረት ደግሞ ዩሪ ዴኒስዩክ መንገዱን ከፈቱ። ከዕቃው የተንጸባረቀው ብርሃንና በቀጥታ የመጣው ብርሃን በፎቶግራፍ ፕሌቱ ላይ ተገናኝተው በዓይን የማይታዩ መስመሮች ይፈጥራሉ። የተለመደው ቀይ የሂሊየም ኒዮን ሌዘር የሞገድ ርዝመት 633 ናኖሜትር ነው። ብርሃኑ ፕሌቱ ላይ በሚያርፍባቸው ሰከንዶች ውስጥ የብርሃኖቹ መንገድ የዚህን ሩብ ያህል እንኳ፣ ማለትም የሰው ፀጉር ውፍረት 400ኛ እጅ ገደማ፣ ከተለወጠ ምስሉ ይደበዝዛል ወይም ጭራሽ አይወጣም።

በዚህ ምክንያት ሥራው ለዓመታት ውድ የግራናይትና የብረት ጠረጴዛ ባላቸው ቤተ ሙከራዎች ተወስኖ ቆየ። ከዚያ ያወጡት ሎይድ ክሮስና ካናዳዊው ቀራፂ ጄሪ ፔቲክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የሆሎግራም ትምህርት ቤት ሲከፈት መሠረቱ የእነርሱ የአሸዋ ጠረጴዛ ነበር፤ አየር በተሞሉ የጎማ ውስጠኛ ላስቲኮች ላይ የተቀመጠ፣ በአሸዋ የተሞላ ትልቅ ሣጥን። መስተዋቶቹና ሌንሶቹ በፕላስቲክ ቧንቧ ጫፍ ላይ ተጣብቀው አሸዋው ውስጥ ይተከላሉ። አሸዋው ክብደት ይሰጣል፤ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ እየተፋተጉ ንዝረቱን ይውጡታል። በሙያው ታሪክ ከዚህ የበለጠ በር የከፈተ መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል፤ ሠዓሊውም ተማሪውም ከሌዘሩና ከፕሌቱ በቀር ሁሉን በእጁ ሊሠራው ቻለ።

የዚህ ጠረጴዛ ስሌት አጭር ነው። ጭነቱ እንደ ሞላ የሚያገለግለውን ላስቲክ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካደረገው ጠረጴዛው በራሱ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካደረገው 2.5 ጊዜ። ከዚህ ፍጥነት በእጅጉ የሚበልጠው ንዝረት ይታገዳል፣ ቀርፋፋው ግን እንዳለ ያልፋል። ላስቲኩ በአየር ከተወጠረ ጠንካራ ስለሚሆን መሞላት ያለበት ሣጥኑን ከመሬት ለማንሣት በሚበቃው ልክ ብቻ ነው።

ጠረጴዛው እንደ ጓሳ ባለ ቦታ ቢተከል የፋብሪካና የባቡር ንዝረት አያገኘውም። ችግሩ ከነፋሱና ከሌሊቱ ብርድ ይመጣል። ነፋስ ግድግዳና ጣሪያ ስለሚገፋ፣ ሣጥኑ መሬት ላይ ባረፈ ክፍል፣ ግድግዳውን ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ብርዱ አየሩን ያንቀሳቅሳል፤ የተንቀሳቀሰ አየር የብርሃኑን መንገድ ስለሚያዛባ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ሌዘሩም ሞቆ እስኪረጋ ይጠበቃል። ከስምጥ ሸለቆው የሚነሣ መንቀጥቀጥ ቀርፋፋ ሞገድ ጭምር ስላለው የትኛውም የአሸዋ ሣጥን አያስቆመውም፤ ሥራውን አቁሞ መጠበቅ ግድ ነው።

ጠረጴዛው መርጋቱ የሚረጋገጠው ፕሌት ከመባከኑ በፊት ነው። የሌዘሩ ጨረር ለሁለት ተከፍሎ፣ ሁለቱ ክፋዮች ከመስተዋት ተመልሰው በሌንስ አማካይነት ግድግዳ ላይ ሲገናኙ ብሩህና ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። መስመሮቹ ከሮጡ ወይም ከተንቀጠቀጡ ላስቲኩ፣ የመሸፈኛው ቀዳዳ ወይም የላላው ቧንቧ ተፈልጎ ይስተካከላል። ብርሃኑ ፕሌቱ ላይ ከሚቆይበት ጊዜ ለሚበልጡ ደቂቃዎች ሳይነቃነቁ ከቆዩ ሌዘሩ በካርቶን ይጋረዳል፣ በጨለማ ፕሌቱ ይተከላል፣ ሣጥኑ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡታል፤ ከዚያ ካርቶኑ ይነሣል።