የኔትወርክ ሰርቨር አስተዳደር የብቃት ምዘናና የዝግጅቱ ታሪክ፤ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ

ሰርቨር የሚባለው ኮምፒዩተር በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉትን ሌሎች ኮምፒዩተሮች የሚያገለግል፣ የጋራ ሰነዶችን የሚጠብቅ፣ የተጠቃሚዎችን ማንነትና ፈቃድ የሚቆጣጠር መሣሪያ ነው። እርሱ በቆመ ጊዜ የመዝገብ ቤቱም፣ የሒሳብ ክፍሉም፣ የተማሪዎች ውጤት የሚያዝበት ክፍልም ሥራ አብሮ ይቆማል። በዋናው ከተማ አንዱ ባለሙያ ቢሳሳት የሚያርመው ሌላ በቅርብ ይገኛል፤ በወረዳ ከተማ ግን ሥራው በአንድ ወይም በሁለት ሰዎች እጅ ላይ ነው። ስለዚህ የዚህ ሰው ችሎታ በምን ይረጋገጣል፣ ለማረጋገጫውስ እንዴት ይዘጋጃል የሚለው ጥያቄ በወልድያና በመርሳ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ከብዶ ይታያል።

ወልድያ ከደሴ ወደ መቀሌ የሚዘልቀውና ወደ ወረታ የሚያቀናው መንገድ የሚገናኙባት የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። መርሳ ከወልድያ በስተ ደቡብ በደሴው መንገድ ላይ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ ናት። በወልድያ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ይገኛል፤ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወልድያ ዩኒቨርሲቲም በመርሳ የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት ካምፓስ አለው። በመሆኑም አካባቢው ኮምፒዩተርን የሚሻ ብቻ ሳይሆን ባለሙያውንም የሚያፈራ አካባቢ ነው።

የምስክርነት ልማድ

ዕውቀትን በሌላ ሰው ፊት ማስመስከር ለወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አንድ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ዘንድ ለዓመታት ከተማረ በኋላ ወደ ምስክር ቤት ሄዶ ያስመሰክራል። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለቅዳሴ ሰለልኩላና ደብረ ዓባይ በዚህ የታወቁ ናቸው። በእስልምና ትምህርትም እንዲሁ ደረሳው ኪታቡን በሼኹ ፊት ከጨረሰ በኋላ ለማስተማር የሚያበቃውን ኢጃዛ ይቀበላል፤ በየጁ ምድር የምትገኘው ዳና በዚህ ዓይነቱ ትምህርት ስሟ የተጠራ ነው።

በእነዚህ ልማዶች ውስጥ ለዛሬው ምዘና የሚጠቅሙ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ዕውቀቱ የሚፈተነው ተማሪው ራሱ ሲያዜም፣ ሲቀድስ ወይም ሲያነብ ታይቶና ተሰምቶ ነው። ሁለተኛው፣ ያልበቃ ሰው ተመልሶ ይማራል እንጂ ለዘለዓለም ወዳቂ ተብሎ አይቀርም።

ኔትወርኩ ወደ ወረዳ ሲወርድ

ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው በ1989 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አገልግሎቱ ከአዲስ አበባ እምብዛም አልራቀም ነበር። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ግን ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ተጀመሩ፤ አንደኛው የወረዳ አስተዳደሮችን እርስ በርስና ከበላይ አካላት ጋር የሚያገናኘው ወረዳኔት፣ ሁለተኛው በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያደረሰው ስኩልኔት ነው።

መሣሪያዎቹ በደረሱበት ስፍራ ሁሉ የሚጠብቃቸውና የሚጠግናቸው ሰው አስፈለገ። በትምህርት ቤቶች ይህ ኀላፊነት ብዙ ጊዜ የወደቀው ለሌላ ትምህርት በሠለጠነ መምህር ላይ ነበር። መሣሪያው ቀደመ፤ ሙያው ተከተለ። የምዘናው ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህ ክፍተት ነው።

ከወረቀት ወደ ተግባር

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 391 ለዘርፉ ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። የ2000 ዓ.ም. አገር አቀፍ ስትራቴጂ ደግሞ አስተሳሰቡን ከሥሩ ለወጠው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ሠልጣኙ ስንት ዓመት ተማረ የሚለው መሆኑ ቀርቶ ምን መሥራት ይችላል የሚለው ሆነ። የሙያ ደረጃዎች ተዘጋጁ፤ ሥልጠናው በደረጃ ተከፈለ፤ የብቃት ምዘናውም ከሥልጠናው ተለይቶ ቆመ። የኔትወርክና የሰርቨር ሥራ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዘርፍ ሥር ተመደበ።

ተመዛኙ በዕውቀት ጥያቄዎችም፣ በተግባርም ይመዘናል። ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ነው። «ገና» የምትለው ቃል የጥንቱን የምስክር ቤት መንፈስ የያዘች ናት።

በውጭው ዓለምም አካሄዱ ተመሳሳይ ነበር። ሲስኮ የተባለው ኩባንያ የኔትወርክ ባለሙያ መነሻ ፈተናውን እ.ኤ.አ. በ1998 አቀረበ። ሬድ ሃት በ1999 የጀመረው ፈተና ደግሞ ተፈታኙን በእውነተኛ ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጦ ሥራውን የሚያሠራ ነበር። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት ለብዙ ዓመታት ስመ ጥር የነበሩትን የሰርቨር ምስክር ወረቀቶች ፈተና እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ዘጋ። ሆኖም ስሞችን ወደ አድራሻ የሚመልሰው ዲ.ኤን.ኤስ. እ.ኤ.አ. በ1983 ተነድፎ ዛሬም ያገለግላል። ስለዚህ በአንድ ኩባንያ ፈተና ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ዝግጅት ከፈተናው ጋር ሲያልፍ፣ መሠረቱን የያዘ ሠልጣኝ ግን ወደ አዲሱ መሻገር አይቸግረውም።

የዝግጅቱ ምንነት

የሰርቨር አስተዳደር ፈተና ከሞላ ጎደል የሚከተሉትን ይጠይቃል፤ ገመድ መዘርጋትና መፈተሽ፣ አድራሻ መደልደል፣ የተጠቃሚ መለያ መክፈት፣ በሰነዶች ላይ ፈቃድ መስጠትና መከልከል፣ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ፣ ብልሽት መፈለግ። ከእነዚህ ሁሉ ሸምዳጁን ከሠራው የሚለየው የመጨረሻው ነው።

ለምሳሌ 192.168.10.0 የሚለው የአድራሻ ክልል በ255.255.255.192 ቢከፈል አራት ክፍሎች ይገኛሉ፤ በእያንዳንዱም 62 መሣሪያዎች አድራሻ ሊያገኙ ይችላሉ። ይህን በቃል ማጥናት ይቻላል። ነገር ግን አንድ ኮምፒዩተር በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይዞ ቢገኝስ? ይህ ማለት ኮምፒዩተሩ አድራሻ ከሚያድለው ሰርቨር መልስ ስላጣ ለራሱ አድራሻ አውጥቷል ማለት ነው። የሸመደደው ሠልጣኝ ወዲያው ሰርቨሩን እንደገና ሊጭን ይነሣል። የተለማመደው ግን በመጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥሎ አገልግሎቱ መነሣቱን፣ በመጨረሻም የሚታደሉት አድራሻዎች አልቀው እንደሆነ በቅደም ተከተል ይመረምራል። ይህ ቅደም ተከተል ከመጽሐፍ ይልቅ ደጋግሞ ከመሥራት ይገኛል።

ሌላው መሰናክል ቋንቋ ነው። የሙያ ደረጃዎቹም፣ የማሽኑ መልእክቶችም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ተግባሩን የሚያውቅ ሠልጣኝ የጥያቄውን ትእዛዝ በትክክል ባለመረዳቱ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ መምህሩ ጽንሰ ሐሳቡን በአማርኛ አስረድቶ የስሕተት መልእክቶቹን ግን እንደተጻፉ እንዲያነቡ ቢያለማምድ ሁለቱንም ጥቅም ያገኛል።

የመከራው ዘመን ያስተማረው

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በትግራይ ኀይሎች ቁጥጥር ሥር ነበረች። በእነዚያ ወራት በአካባቢው መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተሮችና የቤተ ሙከራ ዕቃዎችም ተዘረፉ። ይህ ገና ሳይጠገን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ።

ለሰርቨር ፈተና በሚዘጋጅ ወጣት ላይ ይህ ያስከተለው ጉዳት ግልጽ ነው። ምስክር ወረቀቱ የሥራ መግቢያ በር ነው፤ የዘገየበት ሰው ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ይቀራል። ነገር ግን ሁለቱ መከራዎች የተለያየ ትምህርት ሰጥተዋል። መብራቱ ሲጠፋና መሣሪያው ሲዘረፍ ልምምድ ፈጽሞ አይቻልም። ኢንተርኔቱ ብቻ ሲቋረጥ ግን ልምምድ ይቻላል፤ አስቀድሞ ከታሰበበት።

ሰርቨርና ደንበኛ ኮምፒዩተር የሚነጋገሩት በአንድ ክፍል ውስጥ ነውና የውጭ መስመር የግድ አያስፈልጋቸውም። አንዱን ኮምፒዩተር እንደ ብዙ ኮምፒዩተሮች የሚያሠራ ፕሮግራም ካለ፣ 8 ጊጋባይት የመሥሪያ ሜሞሪ ያለው አንድ ማሽን አነስተኛ ሰርቨርና ሁለት ያህል ቀላል ደንበኛ ኮምፒዩተሮችን ሊያስተናግድ ይችላል። የሚያስፈልገው የመጫኛ ፋይሎቹና የማስተማሪያ ጽሑፎቹ አስቀድመው በክፍሉ ውስጥ መቀመጣቸው ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ፍሬ ነገር፣ የሰርቨር አስተዳደር ምዘና የእጅ ሥራ ምስክርነት መሆኑ ነው። ለዚህ የሚያዘጋጀው ደግሞ የጥያቄ ስብስብ ወይም የፈጠነ መስመር ከመሆኑ በፊት፣ ሠልጣኙ ሊያበላሽና መልሶ ሊጠግን የሚፈቀድለት በራሱ የቆመ ትንሽ ክፍል ነው። እንዲህ ያለው ክፍል በወልድያ ብቻ ሳይሆን በመርሳም ቢኖር የሀብሩ ልጆች ለልምምድ ሲሉ መንገድ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።

መምህራን ሠልጣኞቻቸውን በየሳምንቱ ሆን ብለው ባበላሹት ኔትወርክ ላይ ቢያሠሩ፣ የዕቅድ ባለሙያዎችም ለመጠባበቂያ ኀይልና ለመጫኛ ፋይሎች ማከማቻ ከኮምፒዩተሩ እኩል በጀት ቢይዙ፣ ደግሞ ለመመዘን የሚመጣውም ቶሎ ተራ ቢያገኝ «ገና» የተባለው ሠልጣኝ «ብቁ» የሚባልበት ቀን ይቀርባል።