የባለ ሸራ ጀልባ ግምገማ፦ ባሕር ወዳዶች ከመጽሔት የሚሹት ምንድን ነው?

አዲስ ባለ ሸራ ጀልባ ለገበያ ሲቀርብ የዘርፉ መጽሔቶች ገምጋሚ ይልካሉ። ሙከራው ብዙውን ጊዜ የአምራቹ ወኪል አብሮ ተሳፍሮ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጠናቀቃል። የአልጋዎቹ ብዛትና የማብሰያው ስፋት ግን ከአምራቹ በራሪ ወረቀትም አይጠፋም።

ልምድ ያለው አንባቢ የሚሻው ሌላ ነው። ጀልባዋ ስንት ዲግሪ ካዘነበለች በኋላ ተመልሳ መቆም ይሳናታል? ከሥሯ ሆኖ ሚዛኗን የሚጠብቀው ከባድ አካል፣ ማለትም ኪል፣ ከገላዋ ጋር የተያያዘው እንዴት ነው?

ጥያቄው የሕይወት ጉዳይ ነው። እአአ በ1979 በፋስትኔት ውድድር ላይ የተነሣው ማዕበል 15 ተወዳዳሪዎችን ገድሏል። በ2014 ደግሞ ‘ቺኪ ራፊኪ’ የተባለችው ጀልባ አትላንቲክ ላይ ኪሏ ተገንጥሎ ተገለበጠች፤ አራቱ ብሪታኒያውያን መርከበኞች እስካሁን አልተገኙም።

አብዛኞቹ መጽሔቶች ከአምራቾች ማስታወቂያ ገቢ ያገኛሉ፤ አንባቢ ለስላሳ ነቀፌታቸውን በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም። ከ1974 ጀምሮ የሚታተመው የአሜሪካው ‘ፕራክቲካል ሴለር’ ግን ማስታወቂያ አይቀበልም። ያገለገሉ ጀልባዎችንም የባለቤቶቻቸውን አስተያየት እያካተተ ይገመግማል፤ የትኛው መስኮት ውኃ እንደሚያስገባ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነውና።